ከቁስሉ ጎን ያለው ቁልፍ

ጥቅምት 3

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እትዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ደህና ነው፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው። እርስዎ "ጆሮዬን የስፌት መኪናው ወስዶታል፣ በስልክ አታስጩሂኝ፣ ጻፊልኝ" ስላሉ ይኸው እጽፋለሁ። እንደለመድነው ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በእትዬ ስልክ እልካለሁ።

ጋሼ፣ እትዬ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እንዳይቆጧት። ቀኝ ውስጥ እግርዎ ላይ፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር የወጣው ቁስል ወር አልፎታል አለችኝ። ሐኪሙም ሁለት ጣት ይቆረጥ ብሏል አለችኝ። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል ቀልድ አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከእሱ ጋር ነው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼዎት አላውቅም። ሌላው የሙሽራ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ የተረከዝ። የምሠራበት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ትልቅ መብራት አለው። በሽተኛው እግሩን ወረቀት ላይ ያሳርፋል፣ እኔ ከቁስሉ ጎን መጠኗ የታወቀ አረንጓዴ ተለጣፊ አደርግና በስልክ አነሳለሁ። ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም የተለጣፊዋን መጠን ስለሚያውቅ ቁስሉን ከእሷ ጋር አስተያይቶ ስፋቱን በካሬ ሴንቲ ያወጣል። በአራት ሳምንት ውስጥ በግማሽ ከቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ካልቀነሰ ሐኪሞቹ ሌላ ነገር ያስባሉ።

የእርስዎንም እንዲሁ ልለካው። ሐኪሙን አራት ሳምንት ብቻ ታገሰኝ ይበሉት። ተለጣፊዋን እስክልክ ድረስ እትዬ ከቁስሉ ጎን ቁልፍ አስቀምጣ ታንሳልኝ። ሁልጊዜ ያንኑ ቁልፍ። መኪናውን ደግሞ በሞቴ አይርገጡ።

ልጅዎ ድንቡሼ


ጥቅምት 8

ለልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን ከረምሽ? ክፉ አይንካሽ፣ የሰው አገር ይቅናሽ። እኛ እግሬን ሳንቆጥር ደህና ነን።

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ ዛሬ እኔን የሚለካ መጣ! እሺ፣ ለኪ። ይህች ሚስቴ፣ እትዬሽ፣ አፏ አያርፍም እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌ ተሰብሮ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ስንት ቀን ፔዳሉን ስረግጥበት እንደከረምኩ አላውቅም። ካልሲዬን ልታጥብ ስታነሳ ነው ደሙን ያየችው፤ ጩኸቷን ለሰማ እኔ የሞትኩ ይመስለው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔም እግር ባዳ ሆኖብኛል፤ ብትወጊው አይነግረኝም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የሰው እግር ለመቁረጥ ግን አይሳሳም። ገና ጫማዬን ሳወልቅ "ሁለቱን ጣት" አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ብዬው ወጣሁ። ሥራ የመጣው ደግሞ አሁን ነው። አንድ ሆቴል የአስተናጋጆቹን ልብስ ሰጥቶኛል፤ አርባ ጥቁር ሸሚዝ፣ አርባ ጥቁር ኮት። ቤቱ በጨርቅ ተሞልቶ መተላለፊያ የለንም።

ፎቶውን እንዳልሽው አድርጋ አንስታዋለች። ቁልፉንም አስቀምጣለች።

አጎትሽ


ጥቅምት 9

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እትዬም ጤና ትሁንልኝ።

ፎቶው ደረሰኝ። ሳቄን ማቆም አቅቶኝ የሥራ ጓደኞቼ ምን ሆነች ብለው መጡ። ቁልፍ ስል የሸሚዝ ቁልፍ ማለቴ እንጂ መቼ የቤቱን ቁልፍ አልኩ! ያ የዛገ የበር ቁልፍ ከእግርዎ ጎን ተጋድሞ ሳየው እግሩን ቆልፈውበት ሊወጡ ነው እንዴ ብያለሁ።

በሉ እንደገና አንሱልኝ። ክብ የሆነች የሸሚዝ ቁልፍ ትሁን፤ ፕሮግራሙ ክብ ነገር ይወዳል። ወርዷን በሜትርዎ ለክተው ይጻፉልኝ፣ እሱን እሰጠዋለሁ።

ድንቡሼ


ጥቅምት 11

ለድንቡሼ፣ ሰላምና ጤና ካለሽበት ይድረስሽ።

እትዬሽ ተቀይማለች። "ቁልፍ አለች፣ ቁልፍ ሰጠኋት" ነው የምትለው። ሳቂባት ግድ የለም፣ ሳቅሽን ካየነው ቆይተናል።

ይኸው ከአስተናጋጆቹ ሸሚዝ ቁልፍ አንዷን አስቀምጠናል። ጥቁር ናት፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ወርዷ አሥራ አንድ ሚሊ። ልኬቱን አትጠራጠሪ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእትዬ ሰላምታዬን ንገሩልኝ፣ ይቅርታዬንም።

ሁለቱም ፎቶ ደርሶኛል። የመጀመሪያው ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር። የትናንቱ ስድስት ነጥብ ስምንት ነው። ጨምሯል፣ ጋሼ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ፔዳሉን እየረገጡ ነው አይደል? በዚህ እግር የሚረግጧት እያንዳንዷ እርግጫ ቁስሉን መልሳ ትከፍተዋለች። ሆቴሉ ሌላ ሰፊ ያገኛል፣ እኔ ሌላ አጎት አላገኝም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉኝ ልጅ ሆኜ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እኔም አልደብቅዎትም። ኅዳር 9 አራት ሳምንት ይሞላል። ያን ቀን ቁስሉ ሦስት ነጥብ አንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ሐኪሙ ያለው ይሁን። ሁለት ጣት ቢሄድ ሰው ይኖራል፤ ከመሞት መሰንበት።

ተለጣፊዋን በዚህ ሳምንት እልካለሁ።

ድንቡሼ


ጥቅምት 29

ለልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን አለሽ? ብርዱ በርትቷል ብለሻት ነበር ለእትዬሽ፤ ደርበሽ ልበሽ፤ ለጉንፋን አትመቺ።

ስለቆየሁ እንዳትቆጪ። ሥራ ነበረ። ፔዳሉን ግን ትቻለሁ። ረዳት ይዣለሁ፣ እሷ ትረግጣለች፣ እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ቁልፍ እተክላለሁ። እንደ ባላባት ተቀምጫለሁ ብልሽ ይቀላል።

ሦስት ነጥብ አንድ ነው ያልሽው? ይዤዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ፎቶው ይኸው። እትዬሽ ዓይኗን ስላመማት እኔ ራሴ በመስታወት እያየሁ አነሳሁት፤ ወገቤን ሊገነጥለው ነበር። ተለጣፊዋ አልደረሰችም።

አጎትሽ


ኅዳር 1

ጋሼዬ! ጋሼዬ!

ሰላምታውም ምርቃቱም ኋላ ይድረስ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ! ሁለቴ ለካሁት፣ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ፔዳሉን መተው እንዲህ ያደርጋል ብዬዎት አልነበር? ከክፍሉ ነርስ ጋር ተቃቅፈን ዘለልን። እሷ ጋሼን አታውቃቸውም እኮ፤ ዝም ብላ ከእኔ ጋር ዘለለች።

ይቀጥሉ። ያቺ ረዳት ትባረክ፤ ስሟን ጻፉልኝ፣ ስካርፍ እልክላታለሁ።

ድንቡሼ


ኅዳር 9

ለድንቡሼ፣ ጤናሽን ያብዛልሽ።

የዛሬው ፎቶ ይኸው። እኛ ደህና ነን። ስካርፉ ይቅር፣ ልጅቷ ስካርፍ አትወድም።

ለሐኪሙ ቁጥሩን አንቺ ብትነግሪው ነው የሚሻለው። እኔን አይሰማኝም። አንቺ ከባዕድ አገር ስትጽፊለት ይሰማል።

አጎትሽ


ኅዳር 10

ለውድ ጋሼ፣ ለውድ እትዬ፣

እንኳን ደስ አላችሁ! ሁለት ነጥብ ስምንት። ከግማሽ በታች ነው። እትዬ በላከችልኝ ስልክ ለሐኪሙ ቁጥሮቹን ጽፌ ቆረጣው ይቆይልን አልኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ማግስቱንም አልጠበቀም፣ ያኔውኑ መለሰልኝ። "በየሳምንቱ የምትለኩት ከሆነ እሺ" አለና ቀጠሮዎን ወደ ጥር አዛወረው። ፋሻውን እትዬ እቤት ትቀይርልዎት።

እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እውነቴን ነው። በየቀኑ የሰው እግር አነሳለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፣ እነሱ ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም። የራሴን ሰው እግር ከዚህ ሆኜ ማዳኔ ሲገባኝ አለቀስኩ። በደንብ ሲድኑ ለእኔም ኮት ይሰፉልኛል። ወገቤ እንደድሮው አይደለምና ጨርቅ ጨምረው ይቁረጡ።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 6

ጋሼ፣ እንደምን አላችሁ?

ካልጻፉልኝ ወር ሊሞላ ነው። ሦስት ፎቶ ጎድሎብኛል። እትዬን ስጠይቃት "ራሱ ይጻፍልሽ" ትለኛለች። ምን ተፈጠረ? የሆቴሉ ሥራ አልቆ ከሆነ አሁን ጊዜ አለዎት። አንድ ፎቶ ብቻ ይላኩልኝ።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 14

ለድንቡሼ፣ እግዜር ይጠብቅሽ።

ስልኩ ሞልቷል ይላል፣ ፎቶ አልይዝ ብሎ አስቸግሮን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ወቅቱ ነው። እትዬሽ ቀን ሙሉ መስኮቱን ከፍታ ትውላለች። ሽታ አለ ትለኛለች፣ አዲስ ጨርቅ ይሸታል እላታለሁ። ፋሻውን እኔው ራሴ ነው የምቀይረው፣ አላስነካትም።

ሁለት ነጥብ ስምንት ነው ያልሽኝ አይደል? ያንን ደብዳቤሽን በወረቀት አሳትሜ ልብሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። አንዳንዴ አውጥቼ አነበዋለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ጋሼ፣

"ብርድ ብርድ" እና "ሽታ" የሚለውን ሳነብ ፎቶዎቹን በሙሉ ከፍቼ ደረደርኳቸው። ቁስሉን ተውኩትና የአውራ ጣትህን ወርድ ለካሁ። ጥቅምት 11 ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሴንቲ። ጥቅምት 29 ሁለት ነጥብ አንድ። ኅዳር 9 አንድ ነጥብ ስድስት።

የሰው አውራ ጣት በአንድ ወር ግማሽ ይሆናል? ንገረኝ እስቲ! አንተ ሰውዬ፣ ቁልፉን ቀየርከው! የሸሚዙን አንስተህ የኮት ቁልፍ አስቀመጥክ! ያው ጥቁር፣ ያው ባለ አራት ቀዳዳ፣ ግን ትልቅ። ፕሮግራሙ ደግሞ አሥራ አንድ ሚሊ ነው የተባለው፣ ከዚያ ሌላ አያውቅም፤ ቁልፉ በገዘፈ ቁጥር እግሩ ያነሰ ይመስለዋል። ጣቱን ይዤ መልሼ አሰላሁት። ያኔ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ያልኩህ ሰባት ነጥብ አራት ነበር። ሁለት ነጥብ ስምንት ብዬ የዘለልኩበት ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነበር።

ምነው በዚያ በዛገ የቤት ቁልፍ በቀጠልን! ምን ነካህ? እግርህ እኮ ነው! የማን እግር መስሎህ ነው?

ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ተነስና ሂድ። እትዬ፣ አንቺ ከሆንሽ የምታነቢለት፣ ጎትተሽ ውሰጅው።


ጥር 2

ለልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤና ካለሽ እኔም ደስ ይለኛል።

"አንተ" ብለሽኛል። ከተወለድሽ ጀምሮ እርስዎ ስትዪኝ ኖረሽ በአንድ ቀን አንተ ሆንኩ። ቅር አላለኝም፤ ይገባኛል።

የምጽፍልሽ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ከጉልበቴ በታች ሄዷል። ሁለት ጣት ይቆረጥ ያለው ልጅ እግር ሐኪም ራሱ ነው የወሰደው። በኅዳር ብትመጣ ጣት ነበር አለኝ። ሲናገር አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አሁን ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ በየዓመቱ ወገቡ ይሰፋል፣ ቁጥሩን ሲሰማ ይከፋዋል። ሜትሩን አዙሬ "ሠላሳ ስድስት!" ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ አርባውን በልቤ ይዤ በአርባ እቆርጣለሁ። እሱ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ሱሪውም ይሆነዋል። ማንንም የጎዳሁ አይመስለኝም ነበር። እግሬንም እንደዚያ ያዝኩት። አንቺ ሦስት ነጥብ አንድ አልሽኝ፤ ልብስ ሰፊ ቁጥር ከሰጡት በቁጥሩ ይሠራል። ቁልፍ በካርቶን ሙሉ ፊቴ ነበረ፣ መረጥኩ። ረዳት የምትባለዋ ልጅም የለችም። ያን ሁሉ ልብስ የረገጥኩት እኔ ነኝ።

ፈራሁ፣ ድንቡሼ። ጣት ብለው ይጀምራሉ፣ የት እንደሚያቆሙ አይናገሩም። አንድ ወር ላተርፍ ብዬ ነው፣ ሥራውን እስክጨርስ። ከዚያ "ጋሼዬ! ጋሼዬ!" ብለሽ ስትጽፊ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? አመንኩት። ቁልፉን የቀየርኩት በገዛ እጄ ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ዳንኩ ብዬ አመንኩ። እትዬሽንም ድኛለሁ ብያት ዳቦ ገዝተን ለጎረቤት አደልን።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ብቻ በራስሽ አትፍረጂ።

አጎትሽ


ጥር 5

ለውድ ጋሼ፣

እግዜር ይማርዎት። ጉልበትዎን እስማለሁ ብዬ እዚህ ጋ እጄ ቆመ። የቱን እንደምል አላውቅም።

አንተ በማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን አትፍረጂ ያሉኝን አልችልም። በኅዳሩ ፎቶ ላይ ቁልፉ ተለቅ ብሎ ታይቶኝ ነበር። ጋሼ ስልኩን አስጠግተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቁስሉ ጫፉ ጠቁሮ እንደነበረም ዛሬ ሳየው ይታየኛል፤ ያኔ ያየሁት ቁጥሩን ብቻ ነው። በቀን ሃያ እግር የማነሳ ሰው እኮ ነኝ። ለሐኪሙም ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩለት፣ ፎቶውን አልላክኩለትም። ቀጠሮውን ያዛወረው በእኔ ቃል ነው። ተለጣፊዋንም አልላክኋትም። በየቀኑ ነገ እያልኩ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከረመች። እሷ ደርሳ ቢሆን የሚቀየር ቁልፍ አይኖርም ነበር።

ልመጣ እንደማልችል ያውቃሉ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው፣ ከወጣሁ አያስገቡኝም። ሥራ ቦታ ሰው "ስንት ሆነ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኩን አዙሬ ራሱ እንዲያነበው እሰጠዋለሁ።

እትዬን ያጽናልኝ። ግራ እግርዎን በየቀኑ ትይልዎት፣ በእናትዎ።

ድንቡሼ


መጋቢት 12

ለልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን አለሽ? እኛ እንዳለን አለን።

ብዙ ዝም ያልኩሽ የምጽፈው ስለሌለኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ መጥቶ እግሬን ላለማየት ግድግዳ ያያል። ቀኑ አልመሽ ሲለኝ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኙ ቢሄድ ግራው ይረግጣል። መጀመሪያ ክሩ እየዞረ አስቸገረኝ፣ በሦስት ቀን ለመድኩት። ሆቴሉ አዝኖልኝ ታግሶኝ ነበር፣ የቀሩት ኮቶች ስድስት ናቸው።

ትናንት እትዬሽ የግራውን ካልሲ ስታወልቅልኝ አብሮ የመጣ ነገር ነበር። የተረከዙ ቆዳ ነው። ውስጡ ነጭ ይታያል አለች። እኔ አይታየኝም፣ አይሰማኝምም፣ ስንት ቀን እንደሆነው አላውቅም። የአሁኑን ስታይ አልጮኸችም። ውኃ አሙቃ አጠበችውና ወጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እሷ ላይ ነው የበዛው።

ፎቶ ላንሳልሽ አለችኝ፣ እምቢ አልኳት። ማንም አይለካው። ሐኪም ቤት ግን እሄዳለሁ፣ ቃሌ ነው። ኮቶቹን ላስረክብና እሄዳለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 12

ጋሼ፣

አሁን ደረሰኝ፣ አሁን እመልሳለሁ። ኮቶቹ ገደል ይግቡ! ነጭ የታየው አጥንት ነው። ዛሬ ይሂዱ፣ ነገ አይበሉ። ለሐኪሙ እንደሚመጡ ጽፌለታለሁ፣ ይጠብቅዎታል። ምንም አልለካም፣ ምንም አልጠይቅም። ብቻ ይሂዱ።

ድንቡሼ


መጋቢት 16

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?

ሐኪሙ አልመጡም አለኝ። እትዬ ስልኳን አታነሳም። ከመኪናው ተነስተው አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ካልሆነ እትዬ ባዶ ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ይበቃኛል።

ድንቡሼ


መጋቢት 24

ጋሼ፣ ሄዱ?